ከቢዩትታውን እስከ ካርዲፍ ቤይ፦ ወደቡን ያቀኑትና ዳርቻውን የወረሱት

የዌልስ ዋና ከተማ ካርዲፍ ከመሃሏ ተነሥተው ወደ ባሕሩ የሚወርዱ፣ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ጎዳናዎች አሏት። አንዱ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የተሠራው፣ ሰፊና ዛፍ የተተከለበት ሎይድ ጆርጅ ጎዳና ነው፤ ሌላው የወደቡን ያህል ዕድሜ ያለው ቢዩት ጎዳና ነው። በሁለቱ መካከል የባቡር ሐዲድና ሐዲዱን ደግፎ የያዘ ረጅም ግንብ ያልፋል። ከግንቡ በስተምሥራቅ በቅርብ ዓመታት የተገነቡ አፓርታማዎች ተደርድረዋል፤ በስተምዕራብ ደግሞ የመርከበኞች ልጆችና የልጅ ልጆች የሚኖሩበት፣ ከካርዲፍ ድሃ አካባቢዎች ተርታ የሚመደበው ቢዩትታውን ይገኛል። ሁለቱም ጎዳናዎች የሚያበቁት የዌልስ ፓርላማና ታላቁ የኪነ ጥበብ ማዕከል በቆሙበት በአንዱ የውሃ ዳርቻ ነው።

አሮጌ ወደቦችን ወደ መኖሪያ፣ ቢሮና መዝናኛ የመለወጥ ሥራ ካለፉት ዐርባ ዓመታት ታላላቅ የከተማ ጉዳዮች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ጭነት በኮንቴይነር መጓጓዝ ሲጀምርና ግዙፎቹ መርከቦች ጥልቅ ውሃና ሰፊ ሜዳ ወዳለባቸው ወደቦች ሲዞሩ፣ ለንደንና ሊቨርፑልን በመሰሉ ከተሞች ከመሃል ከተማ አጠገብ የነበሩ ወደቦች ሥራ ፈቱ። በካርዲፍ ወደቡን ያዳከመው የድንጋይ ከሰል ንግድ መሞት ቢሆንም ውጤቱ አንድ ነው። ዕቅድ አውጪዎች «ባዶ መሬት» ያሉት ስፍራ ብዙ ጊዜ ባዶ አልነበረም፤ ወይም ሰው ይኖርበት ነበር፣ ወይም ሰው ከሚኖርበት ሰፈር ጋር የተቆራኘ ነበር። ቢዩትታውን ይህን ጉዳይ ለመመርመር የተለየ ምቹነት አለው፤ ምክንያቱም ዛሬ ከተማዋ የምትኮራበት የሰፈሩ ብዝኃነት እንዴት እንደተፈጠረ፣ ማን እንደጠበቀውና የልማቱ ትርፍ ወዴት እንደሄደ በግልጽ መከታተል ይቻላል። ለአፍሪካ ቀንድ አንባቢ ደግሞ ከሰፈሩ መሥራቾች ብዙዎቹ ከጎረቤታችን ከሐርጌሳና ከበርበራ የሄዱ መሆናቸው ታሪኩን የቅርብ ያደርገዋል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሰሉ በሄደበት መንገድ የመጡ ሰዎች

ካርዲፍ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ አነስተኛ ከተማ ነበረች። የአካባቢው ባለ ርስት የነበሩት ሁለተኛው የቢዩት ማርክዊስ (የመኳንንት ማዕረግ ነው) በራሳቸው ገንዘብ ያስቆፈሩት የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ በ1839 ተከፈተ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የታፍ ሸለቆ ባቡር የዌልስን የማዕድን ሸለቆዎች ከዚሁ ውሃ ጋር አገናኘ። ከሮንዳ ሸለቆዎች የሚወጣው የድንጋይ ከሰል ኃይለኛ ሙቀት የሚሰጥና ጭሱ ጥቂት ስለነበር የባሕር ኃይሎችና የመርከብ ኩባንያዎች አብዝተው ይሹት ነበር። ንግዱ ከፍተኛ ደረጃ ላይ በደረሰበት በ1913 ከካርዲፍ ብቻ ከ10 ሚሊዮን ቶን በላይ ከሰል ወደ ውጭ ተልኳል።

የመጀመሪያው ማቆሚያ በተከፈተበት በዚያው በ1839 እንግሊዞች የየመኗን የኤደን ወደብ ያዙ። የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት ኤደን ወደ ሕንድና ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚያልፉ መርከቦች ከሰል የሚሞሉባት ጣቢያ ሆነች፤ ከዌልስ የተጫነው ከሰልም እዚያ ይራገፍ ነበር። እንፋሎት መርከብ ከሰሉን ወደ ምድጃው የሚያቀርቡና እሳቱን ቀን ከሌሊት የሚያነዱ ሠራተኞች ያስፈልጉታል። ሥራው በመርከቡ ሆድ ውስጥ፣ ለመግለጽ በሚያስቸግር ሙቀትና የከሰል ብናኝ መካከል የሚከናወን በመሆኑ አውሮፓውያን መርከበኞች ይሸሹት ነበር። ኩባንያዎቹ «የሞቃት አገር ሰው ሙቀት ይችላል» የሚል ሰበብ ቢያቀርቡም፣ ከኤደን የሚቀጠሩት የመናውያንና ሶማሌዎች የሚከፈላቸው ደመወዝ በብሪታንያ ወደቦች ከሚከፈለው ያነሰ መሆኑ ዋናው ምክንያት ነበር። ቤተሰቦቻቸው በእንግሊዝ ሶማሌላንድ ከብት የሚያረቡ፣ ግጦሽ ፍለጋም ድንበር ተሻግረው እስከ ሐውድ ሜዳ የሚዘልቁ ወጣቶች ወደ ኤደን እየተሻገሩ ተቀጠሩ። በካርዲፍ ከመርከብ የወረደ ሰው ቀጣዩን ጉዞ እስኪያገኝ ሳምንታት ወይም ወራት ይቆይ ስለነበር፣ መቆያው ቀስ በቀስ መኖሪያ ሆነ።

ሌሎችም በየራሳቸው የባሕር መንገድ መጡ፦ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከካሪቢያን ደሴቶች፣ ከኬፕ ቨርዴ፣ ከማልታ፣ ከስፔንና ከፖርቱጋል፣ ከቻይና፣ ከሕንድ፣ ከአየርላንድ። ኖርዌያውያን መርከበኞች በ1868 የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ ግሪኮቹም በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ለቅዱስ ኒቆላዎስ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አነጹ። በሰፈሩ ከ50 በላይ ከሚሆኑ አገሮች የመጡ ሰዎች እንደኖሩ ይነገራል። በምዕራብ ቦይ፣ በምሥራቅ የባቡር ሐዲድ፣ በደቡብ ባሕሩ ስለከበቡት ከቀረው ከተማ የተነጠለ ነበር፤ የሌላ አካባቢ ጋዜጠኞችም «ታይገር ቤይ» በሚለው ስሙ የጠብ፣ የስካርና የሴተኛ አዳሪነት መንደር አድርገው ሲጽፉለት ኖረዋል። በእኔ እይታ ይህ ምስል ከተሳሳተው ይልቅ የሸፈነው ነገር ይበልጣል።

ሰፈሩን ሰፈር ያደረጉት

የተሸፈነው ነገር የተቋማቱ ሕይወት ነው። የመጀመሪያው ተቋም የማረፊያ ቤቱ ነበር። ሶማሌው ወይም የመናዊው መርከበኛ ከመርከብ ሲወርድ የአገሩ ሰው ወደሚያስተዳድረው ማረፊያ ቤት ይሄዳል፤ የሚበላው ሃይማኖቱ የሚፈቅድለትን ምግብ ነው፤ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ በዱቤ ያድራል። የቤቱ ባለቤት ደብዳቤ ያነብለታል፣ ከመርከብ ቀጣሪዎች ጋር ያገናኘዋል፣ ፖሊስ ሲይዘውም አስተርጓሚ ይሆንለታል። በዚህ አሠራር ውስጥ ብዝበዛ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ዱቤ የሰጠ ሰው ባለዕዳውን ይይዘዋልና። ሆኖም ከሰፈሩ ውጭ ያሉ አከራዮች በራቸውን በዘጉበት ዘመን፣ ከዚህ ሌላ የሚያስጠጋ ቤት እምብዛም አልነበረም።

ሁለተኛው የሃይማኖት ቤቶቹ ነበሩ። በ1930ዎቹ ማብቂያ ከየመን የመጡት ሼክ አብዱላህ አሊ አል ሐኪሚ በፒል ጎዳና የነበረውን መስጊድ የማኅበረሰቡ ማዕከል አደረጉት፤ ለመርከበኞቹ ሚስቶችና ልጆችም ትምህርት አደራጁ። መስጊዱ በ1941 በጀርመን የአየር ድብደባ ፈርሶ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተሠርቷል። ሼኩ ከ1948 ጀምሮ «አስ ሰላም» የተባለ የዓረብኛ ጋዜጣ ከካርዲፍ እያሳተሙ የየመንን ንጉሣዊ አገዛዝ ይተቹ ነበር። በብሪታንያ የወደብ ሰፈር ውስጥ የዓረብኛ የፖለቲካ ጋዜጣ ይታተም እንደነበር ማስታወስ፣ ይህ ሕዝብ በዝምታ ከሰል የሚያነድ ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል።

ሦስተኛውና በጽሑፍ እጅግ ጥቂት የተባለለት ተቋም ጋብቻ ነው። መርከበኞቹ ወንዶች ስለነበሩ ያገቡት የዌልስ፣ የእንግሊዝና የአየርላንድ ሴቶችን ነበር። እነዚህ ሴቶች ብዙ ጊዜ በገዛ ቤተሰባቸው ተወግዘዋል፤ በመንገድ ሲያልፉ ተሰድበዋል። ባሎቻቸው ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ በባሕር ላይ ሲቆዩ ቤቱን፣ ካፌውንና ማረፊያ ቤቱን ያስተዳደሩት እነሱ ናቸው። ለምሳሌ የታወቀው ካይሮ ካፌ የየመናዊ ባልና የዌልሳዊት ሚስት ነበር። ልጆቹ በአንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ፣ የሙስሊሙ ልጅ የክርስቲያኑን፣ የክርስቲያኑ ልጅ የሙስሊሙን በዓል ያውቃል፤ እናቶች አንዷ የሌላዋን ልጅ ይጠብቃሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ባሕር የበላውን አብረው ያለቅሳሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከካርዲፍ የወጡ የንግድ መርከቦች በጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በብዛት ሲሰምጡ፣ ሐዘኑ ያልገባበት ቤት በሰፈሩ ጥቂት ነበር። ስለ ብዝኃነት በምንናገርበት ጊዜ ሁሉ እነዚህን ሴቶች መዝለል ትልቅ በደል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከየአገሩ የመጡትን ወንዶች ወደ አንድ ማኅበረሰብ ያሸጋገረው በአመዛኙ የእነሱ ድካም ነውና።

ከሰፈሩ የወጡትም ጥቂቶች አይደሉም። ከናይጄሪያዊ አባትና ከእንግሊዛዊት እናት በ1937 የተወለደችው ሺርሊ ባሲ በዓለም የታወቀች ዘፋኝ ሆናለች። አባቱ ከሴራሊዮን የመጣው ቢሊ ቦስተን በ1934 እዚሁ ተወልዶ፣ የካርዲፍ የራግቢ ክለብ በሩን ሳይከፍትለት ቀርቶ ወደ ሰሜን እንግሊዝ ከሄደ በኋላ በራግቢ ሊግ ታሪክ ከታላላቆቹ ነጥብ አስቆጣሪዎች አንዱ ሆኗል።

ሕግ የሠራው ግንብ

ይህ ሁሉ የሆነው ጥበቃ ባለበት አገር አልነበረም። አንደኛው የዓለም ጦርነት አብቅቶ ወታደሮች ሲመለሱና ሥራ ሲጠፋ፣ በጁን 1919 ነጮች በኒውፖርት፣ በባሪና በካርዲፍ ጥቁሮችና ዓረቦች የሚኖሩባቸውን ቤቶች አጠቁ፤ በካርዲፍ ሦስት ሰዎች ሞቱ። የመንግሥት ምላሽ ተጠቂዎቹን ወደየመጡበት ለመመለስ መገፋፋት ነበር። በ1925 የወጣው ድንጋጌ ደግሞ ነጭ ያልሆኑ መርከበኞች የብሪታንያ ተገዥነታቸውን በሰነድ ካላረጋገጡ እንደ ባዕድ አገር ሰው በፖሊስ እንዲመዘገቡ አስገደደ። ከቅኝ ግዛት የመጣ መርከበኛ ፓስፖርት መያዝ በማይጠየቅበት ዘመን ይህን ማረጋገጫ ማግኘት ከባድ ነበር፤ የካርዲፍ ፖሊስም ትእዛዙን ሰነድ ባላቸው ላይ ሳይቀር አጥብቆ ተገበረው። በጦርነት ጊዜ ለብሪታንያ ሲያገለግሉ የቆዩ ሰዎች በገዛ ሰፈራቸው ባዕድ ተባሉ። በ1935 መንግሥት ለመርከብ ኩባንያዎች ድጎማ ሲሰጥ ለብሪታንያውያን ቅድሚያ እንዲሰጡ ስለጠየቀ፣ «ባዕድ» የተባሉት ሥራቸውን አጡ።

የዚህ ጥርጣሬ መራራ ፍሬ በ1952 ታየ። በቢዩት ጎዳና አንዲት ባለ ሱቅ ስትገደል፣ በሐርጌሳ ተወልዶ በባሕር ሥራ ወደ ካርዲፍ የመጣው ማሕሙድ ሁሴን ማታን ተከሰሰ። ዌልሳዊት ሚስትና ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ፖሊስ የያዘው፣ ለተከሳሹ የሚጠቅም ማስረጃ ለጠበቃው አልተሰጠም፤ የገዛ ጠበቃው ደግሞ በችሎቱ ፊት «ግማሹ የተፈጥሮ ልጅ፣ ግማሹ በከፊል የሠለጠነ አረመኔ» ብሎ ገለጸው። በሴፕቴምበር 1952 በካርዲፍ እስር ቤት ተሰቀለ። ሚስቱ ሎራና ልጆቹ ለዐርባ ስድስት ዓመታት ያህል ከታገሉ በኋላ፣ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1998 ፍርዱን ሻረው፤ የደቡብ ዌልስ ፖሊስ ይቅርታ የጠየቀው ግን በ2022 ነው፤ በዚያን ጊዜ ሎራም ልጆቿም በሕይወት አልነበሩም። በ1988 በአካባቢው አንዲት ሴት ስትገደልም ፖሊስ አምስት ጥቁርና ክልስ ወንዶችን ከሰሰ፤ ሦስቱ ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው በ1992 በይግባኝ ተፈቱ፤ እውነተኛው ገዳይ የተገኘው በዘረ መል ምርመራ በ2003 ነው። ነዋሪዎች በኋላ የመጣውን የልማት ዕቅድ በጥርጣሬ ያዩት ለምን እንደሆነ ለመረዳት እነዚህን ዓመታት ማወቅ ያስፈልጋል።

ልማት ሁለት ጊዜ መጣ

የመጀመሪያው ልማት ማፍረስ ነበር። በ1960ዎቹ የከተማው አስተዳደር «የደቀቁ ቤቶችን ማስወገድ» በሚለው መርሐ ግብር የሰፈሩ እምብርት የነበረውን ላውደን አደባባይንና በዙሪያው ያሉትን መንገዶች አፈረሰ። ቤቶቹ ያረጁና የተጣበቡ፣ እድሳት የሚያሻቸው እንደነበሩ እውነት ነው። በምትካቸው ሁለት ረጃጅም ሕንፃዎችና አነስተኛ ቤቶች ተሠሩ፤ የማረፊያ ቤቶቹ፣ ካፌዎቹና ሱቆቹ ግን ምትክ አልነበራቸውም። ዕቅዱ መኝታ ቤት ሲቆጥር፣ ሰው ዱቤ የሚያገኝበትን፣ ሥራ የሚጠይቅበትንና ወሬ የሚለዋወጥበትን ቦታ አልቆጠረም። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ሌሎች የካርዲፍ አካባቢዎች ተበተኑ። በዚያው ዘመን የከሰል ጭነት በ1964 ቆመ፤ በ1978 ደግሞ የኢስት ሙርስ ብረት ፋብሪካ ተዘጋ።

ሁለተኛው ልማት በ1987 የተቋቋመው የካርዲፍ ቤይ ልማት ኮርፖሬሽን ነው። መንግሥት የሾመው ይህ አካል 1,100 ሄክታር ገደማ በሚሆን መሬት ላይ ሥልጣን ተሰጠው፤ ነዋሪው ግን በድምፁ ሊሽረው አይችልም ነበር። የዕቅዱ ማዕከል በባሕረ ሰላጤው አፍ ላይ 1.1 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ግድብ መሥራት ነበር። የሰቨርን ባሕር ሙላትና ጉድለት ከዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ በመሆኑ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ሸሽቶ ሰፊ ጭቃ ያጋልጥ ነበር። ለባለሀብት ጭቃው የማያምር እይታ ነው፤ ለባሕር ወፎች ግን የክረምት መኖ ነበር። በሌላ በኩል ዝቅተኛ ቦታ ላይ የሚኖሩ የካርዲፍ ነዋሪዎች የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ብሎ ቤታቸውን ያረጥባል ብለው ሰግተው ለዓመታት ተከራከሩ። ሕጉ በ1993 ጸደቀ፤ ግድቡ በ1999 ተጠናቆ 200 ሄክታር የሚሆን የጣፋጭ ውሃ ሐይቅ ተፈጠረ። ለጠፋው የወፎች መኖሪያ ማካካሻ በኒውፖርት አጠገብ ረግረጋማ ጥብቅ ስፍራ ተዘጋጅቷል። ለወፎቹ ማካካሻ ሲታሰብ ለሰፈሩ ነዋሪ የሚሆን ተመጣጣኝ ማካካሻ በሕግ አለመታሰቡ የዚህ ልማት ትልቁ ጉድለት ነው።

የተሠራው ነገር ትንሽ አይደለም። የዌልስ ሚሌኒየም ማዕከል በ2004፣ የፓርላማው ሕንፃ በ2006 ተከፍተዋል፤ በፓርላማው የዚህን አካባቢ ሕዝብ ይወክሉ የነበሩት ቮን ጌቲንግ በ2024 ለጥቂት ወራት የዌልስን መንግሥት የመሩ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነዋል። የተበከለ የኢንዱስትሪ መሬት ጸድቷል፤ ሰው ቅዳሜና እሑድ ልጆቹን ይዞ የሚመጣበት ዳርቻ ሆኗል። የቢዩትታውን ልጆችም በዚያው ይሄዳሉ። ሆኖም አዲሶቹ ቢሮዎች የጠየቁት የትምህርት ማስረጃ የወደብ ሠራተኛ ልጆች ያልታጠቁትን ነበር፤ አዲሶቹ አፓርታማዎችም በሰፈሩ ገቢ የሚገዙ አልነበሩም። አዲሱ ጎዳና ከአሮጌው ጎን ሲዘረጋ በመካከል ያለው ግንብ ሳይነካ መቅረቱም የአጋጣሚ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም፤ መሬቱን ለገበያ ያቀረበው አካል ለገዢው ያሳየው የውሃውን እይታ እንጂ የሰፈሩን አልነበረም።

ክብር ተሰጠ፤ ድርሻስ?

ባለፉት ጥቂት ዓመታት እውቅናው በርክቷል። በልጅነቷ መምህርት የመሆን ምኞቷ ለጥቁር የሠራተኛ ልጅ የማይሳካ እንደሆነ ተነግሯት፣ በኋላ በቢዩትታውን የማውንት ስቱዋርት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት በመሆን በዌልስ የመጀመሪያዋ ጥቁር ርእሰ መምህርት የሆነችው ቤቲ ካምቤል በ2021 በመሃል ከተማ ሐውልት ቆሞላታል። የጥቁር ሕዝቦች ታሪክ ከመመሪያው ውጭ በነበረበት ዘመን ታስተምረው ነበር፤ ከ2022 ጀምሮ ግን የዌልስ ሥርዓተ ትምህርት ይህን ግዴታ አድርጎታል። ቢሊ ቦስተን ከሌሎች ሁለት የካርዲፍ ተጫዋቾች ጋር በ2023 በዳርቻው ሐውልት ቆሞለት፣ በ2025 ደግሞ የ«ሰር» ማዕረግ አግኝቷል። እነዚህ ሁሉ የሚያስደስቱ ናቸው፤ በተለይ የሥርዓተ ትምህርቱ ለውጥ ከሐውልት የሚልቅ ነገር ነው፤ በየዓመቱ አዲስ ትውልድ ላይ ይሠራልና።

ይሁን እንጂ የሰፈሩን ፎቶግራፎችና የአረጋውያኑን ቃል ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ሲሰበስብ የኖረው የቢዩትታውን ታሪክና ጥበብ ማዕከል በ2016 በገንዘብ እጥረት ተዘግቷል። በቢሊዮን የሚገመት ንብረት ከተገነባበት ዳርቻ ጥቂት ርምጃ ርቀት ላይ የሚገኝ፣ የዚያን ዳርቻ ታሪክ የሚጠብቅ ቤት ኪራይና ደመወዝ መሸፈን ሲያቅተው፣ ችግሩ የገንዘብ መጥፋት ሳይሆን ገንዘቡ የሚከፋፈልበት ሥርዓት ነው። ስብስቡን የአካባቢው ሰዎች የሚመሩት ሌላ ማኅበር ተረክቦ እየጠበቀው ይገኛል። የሰፈሩ ወጣቶችም ተቋርጦ የነበረውን ካርኒቫል እንደገና አስጀምረዋል።

አሁን ሦስተኛው ዙር ልማት ተጀምሯል። የከተማው አስተዳደር በአሮጌው የመርከብ ማቆሚያ አጠገብ፣ አትላንቲክ ዋርፍ በሚባለው ስፍራ፣ ከ15,000 በላይ ተመልካች የሚይዝ አዳራሽና በዙሪያው አዳዲስ ቤቶች፣ ሆቴሎችና ሱቆች ለመገንባት አቅዷል። በዚህ ዙር መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች ግልጽና የሚለኩ ናቸው፦ ከሚሠሩት ቤቶች ምን ያህሉ በአነስተኛ ኪራይ ለነባር ነዋሪዎች ይሰጣሉ፤ በግንባታውና በአዳራሹ ከሚቀጠሩት ምን ያህሉ ከግንቡ በስተምዕራብ ካሉት ቤቶች ይመጣሉ፤ ሥልጠናውስ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይሰጣቸዋል ወይስ በኋላ፤ ከሚሰበሰበው የመሬት ኪራይና ግብር ለታሪክ ማኅደሩ፣ ለወጣት ማዕከሉና ለመስጊድ ለቤተ ክርስቲያኑ አዳራሾች ቋሚ ድርሻ ይመደባል ወይ። መልሱ በውል ውስጥ ቁጥር ሆኖ መግባት ያለበት ግንባታው ከመጠናቀቁ በፊት ነው፤ በ1987ና በ2000 መካከል እንደታየው፣ ኮርፖሬሽኑ ሥራውን ጨርሶ ከፈረሰ በኋላ የሚጠየቅ አካል አይገኝም።